የደሴት የወንጀል ልብ ወለድ አጻጻፍ፦ ከዕዳ መዝገብ እስከ ተዝካሩ ቀን

ጅማ ተቀምጦ የደሴት ግድያ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆመው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ሁለት መቶ ሰው በሚኖርበት ቦታ ማን ከማን ጋር እንዳመሸ፣ የማን ውሻ እንደጮኸ፣ ማን ጨው ተበድሮ እንዳልመለሰ ሁሉም ያውቃል። ደራሲው ገዳዩን የሚሸሽግበት ጥግ ያጣል። ሲጨንቀው ወይ ከማዶ የማይታወቅ ሰው በጀልባ ያስመጣል፣ ወይ ፖሊሱ አንዱን ደብድቦ እንዲያናዝዝ ያደርጋል። በሁለቱም መንገድ መጽሐፉ እዚያው ይሞታል።

እዚህ የተቀመጠው ቅደም ተከተል ከሌላ በኩል ይጀምራል። ገዳዩን ለመደበቅ ከመድከማችሁ በፊት ዝምታውን ሥሩ። በደሴቲቱ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው ገዳዩን ያውቅ፤ አንባቢ ገጽ የሚገልጠው እነዚህ ሰዎች ለምን አፋቸውን እንደያዙ ለማወቅ ይሁን። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ ሦስተኛውን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁለት ወፍራም ደብተር ያዙ፤ አንዱ ለመዝገብ፣ አንዱ ለረቂቅ። ለካርታ አንድ ትልቅ የፍሊፕ ቻርት ወረቀትና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይበቃል። የኢትዮጵያንና የፈረንጅን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ የጨረቃም መረጃ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ያስፈልጋል። ከሕግ መጻሕፍት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414)፣ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እና ሕገ መንግሥቱ ከእጃችሁ አይለዩ። ታሪኩ በየትኛው ዓመት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ወስኑና በዚያ ዓመት የሚሠራበትን ሕግ ተከተሉ።

ለዝግጅቱ ሦስት ሳምንት መድቡ። የመጽሐፉ ልክ ከ45,000 እስከ 55,000 ቃል ይሁን። በኤ5 መጠን አንድ ገጽ ከ220 እስከ 250 የአማርኛ ቃል ስለሚይዝ 200 ገጽ አካባቢ ይመጣል። ከዚህ በላይ ከሄደ ደሴቱ ይሰፋል፤ ደሴት ሲሰፋ ደግሞ ከተማ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ሐይቁን ምረጡ

1. ጣናን ወይም ዝዋይን (ደንበልን) ያዙ፤ ካልሆነ ሐይቁንም ራሳችሁ ፍጠሩ። ለጅማ ሰው ቅርብ የሆነው የቦዬ ረግረግና የግልገል ጊቤ ግድብ የተኛ ውሃ ነው። የውሃ ቀለም፣ ጉም፣ የማለዳ ድምፅ ለመቅዳት ይጠቅማሉ፤ የደሴት ኑሮ ግን አያሳዩም።

2. የመረጣችሁት ሐይቅ የሚጥልባችሁን ገደብ ጻፉ። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። ገዳም ያለበት ደሴት ከመረጣችሁና መርማሪያችሁ ሴት ከሆነች ግማሹ ምርመራ ከበሩ ውጭ መካሄድ አለበት። ይህ ለሚያውቅበት ደራሲ ሲሳይ ነው። ዝዋይ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር አካባቢ ነው። ጣናም ቢሆን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። «ጥልቁ ውሃ ዋጠው» ብላችሁ አስከሬን አታጥፉ፤ ዓሣ አጥማጅ መረቡን በሚጥልበት ውሃ ውስጥ የተጣለ ነገር ይገኛል።

3. እውነተኛ ደሴት ላይ ግድያ አታስቀምጡ። ዝዋይ ላይ የታወቁት ደሴቶች አምስት ናቸው፤ እናንተ ስድስተኛውን ፍጠሩ። የዘይ ሕዝብ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ስማቸውን ጠርታችሁ ገዳይ ካወጣችሁ ሰው ራሱን መጽሐፉ ውስጥ ይፈልጋል። ጣናም ላይ እንዲሁ።

ተጠንቀቁ፦ ያላደጋችሁበትን አነጋገር ለማስመሰል አትሞክሩ። በየመስመሩ የጎጃም ቃል መወርወር ወይም ከዘይኛ ሁለት ቃል መዋስ አንባቢን ያስቃል። ቀለል ያለ አማርኛ ጻፉ፤ ቦታውን የምታሳዩት በሥራ ስምና በዕቃ ስም ነው፦ ታንኳ፣ ደንገል፣ መረብ፣ ቀረሶ፣ አምባዛ።

ደረጃ 2፦ ካርታውን ሣሉ

ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር በ25 ደቂቃ የምትታለፍ ትሁን። ቤቶቹ 40 ይሁኑ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ስጡት። ታንኳ የሚወጣበትን ዳርቻ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ወፍጮውን፣ ሱቁን፣ ስልክ በሶላር የሚሞላበትን ቤት፣ መቃብሩንና የእግር መንገዶቹን በሰማያዊ አስቀምጡ።

ከዚያ በቀይ ከእያንዳንዱ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚታየውን ነገር በመስመር አገናኙ። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሲያልቅ ግን ገዳዩ ማንም ሳያየው ሊሄድባቸው የሚችሉት መንገዶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ግድያው የሚያልፈው በእነዚያ ነው።

በአረንጓዴ ድምፅ የሚሰማበትን ክልል ክበቡ። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከውሃው በላይ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ በውሃው ላይ ተኝቶ ሩቅ ይሄዳል። ዳርቻ ላይ የተነገረ ነገር ማዶ ሊሰማ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን አይሰማም። ጩኸት ያለበት ትዕይንት ከመጻፋችሁ በፊት ሰዓቱን ከነፋሱ ጋር አስማሙ።

ሲበላሽ፦ ሁሉም መንገድ የሚታይ ሆኖ ካገኛችሁት ቤት አታፍርሱ፤ ቀኑን ቀይሩ። ክብረ በዓል፣ ለቅሶ ወይም የመረብ ማውጫ ሰዓት ሰውን ከበሩ ያነሣዋል።

ደረጃ 3፦ የዕዳ መዝገብ

ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው ይህ ስለሌለው ነው። ከ200ው ነዋሪ ስም የሚሰጣቸው 14 ብቻ ይሁኑ፤ የቀሩት «የላይኛው ሠፈር ሴቶች»፣ «የወፍጮው ልጆች» ተብለው ይለፉ። ለ14ቱ ለእያንዳንዳቸው በመዝገብ ደብተሩ አንድ ገጽ ስጡና አምስት ጥያቄ መልሱ፦

ሀ. ለማን ምን ዕዳ አለበት? ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተሸፈነለት ገመናም ይቆጠራል።
ለ. ከማን ጋር በክርስትና፣ በአበልጅነት፣ በጋብቻ ወይም በጡት ተሳስሯል?
ሐ. ስለ ሟቹ ሌላው የማያውቀው ምን ያውቃል?
መ. ከተናገረ ምን ያጣል?
ሠ. ዝም ካለ ማን ይጎዳል?

«መ» ባዶ የሆነበት ሰው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይናገራል፤ ልታስቆሙት አትችሉም። ስለዚህ ወይ የሚያጣው ነገር ፈልጉለት፣ ወይ ከደሴቱ አስወጡት።

ናሙናው ሠፈራችሁ ውስጥ አለ። ሔርማታ ወይም ጅሬን ያለ አንድ እድር ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ተመልከቱ፦ ከእድር የተሰረዘ ሰው ሬሳውን ማን ያነሣለታል? በክረምት እህል ሲያልቅ ገበሬው ገና ዛፍ ላይ ያለ ቡናውን በነጋዴ ገንዘብ አስይዞ ይበላል፤ ለቀማ ሲደርስ በዋጋው መከራከር አይችልም። ደሴት ላይ ቡናውን በመረብ ተኩት። አጥማጁ መረቡንና ቤንዚኑን በዱቤ ይወስዳል፤ ዓሣውን ለአበዳሪው ብቻ ይሸጣል። ይህ ሰው አበዳሪው ሌሊት ታንኳ ሲገፋ ቢያየው ነገ ፖሊስ ፊት ይናገራል? ከምታውቁት ጭንቀት ተነሡ፤ ዕቃውን ብቻ ለውጡ።

ወርቃማው ደንብ፦ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ብቻውን የሚዋሽ ሰው የለም። «ቤቴ ተኝቼ ነበር» የሚል ሁሉ ሌላ ሰው «አዎ» እንዲልለት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ውሸት ሁለት ባለቤት መድቡ፤ ሁለቱም ለምን እንደሚዋሹ ከ«ሀ» እና ከ«መ» አውጡ። አንደኛው ለፍቅር፣ ሌላው ለዕዳ ሲዋሽ ክሩ የሚበጠስበት ቦታ ራሱ ይታያችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የንስሐ አባቱን ምስጢር አውጪ አታድርጉት። ሁሉን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ጀማሪ ወደ እሱ ይሮጣል። የንስሐ ቃል የሚያወጣ ካህን ለአንባቢ ከገዳዩ የባሰ ሰው ነው። እሱን ግድግዳ አድርጉት፤ መርማሪው ከሚለው ሳይሆን ቅዳሴ ላይ ማንን እንዳላቆረበ ይረዳ።

ደረጃ 4፦ ግድያውን በሕጉ መዝኑ

ግድያውን በአንድ ገጽ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ በየ10 ደቂቃው ጻፉ። ይህ ገጽ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ሕጉን ክፈቱ። አንቀጽ 539 ታስቦበት ወይም በጭካኔ የተፈጸመ ከባድ ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 541 ቀለል የሚለው፣ 543 በቸልተኝነት የሆነው ነው። አሁን አንቀጽ 443ን አንብቡ፦ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም ፈጻሚውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላሳወቀ ሰው ራሱ ይቀጣል።

ሁለቱን አጋጥሟቸው። ግድያው በድንገተኛ ጠብ የሆነ ከሆነ (540) ዝም ያሉት ሦስት ሰዎች በዚህ አንቀጽ አይጠየቁም። ታስቦበት ከሆነ (539) ግን ደሴቱ ሁሉ ባለ ወንጀል ነው። መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ሲደርስ መርማሪው «ጠብ ነበር» ከሚለው ወደ «ታስቦበታል» ቢሸጋገር፣ እስከዚያ ዝም ማለት ምንም የማያስከፍላቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት ተጠርጣሪ ይሆናሉ። ለደሴት ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ መታጠፊያ አናውቅም። አዲስ ገዳይ ማምጣት አያስፈልግም፤ ዝምታው ራሱ ዋጋው ተወደደ።

ገዳዩን የሚሸሽጉና እንዲያመልጥ የሚረዱ ሰዎች የሚጠየቁበት ሌላ አንቀጽ ስላለ ታንኳ ያበደረውንና ልብስ ያጠበችውን ለይታችሁ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ አስከሬኑ

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። በትክክል ተከተሉ።

1. መድረቅ፦ በሞቃት አየር መንጋጋና ፊት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካል ይደርቃል፤ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው መላላት ይጀምራል። ማለዳ ትኩስ ሬሳ አግኝታችሁ «እንደ እንጨት ደርቆ» አትበሉ።

2. የደም ማረፊያ፦ ሞት ሲሆን ደም ወደ ታችኛው አካል ይወርዳል፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ምልክቱ አይንቀሳቀስም። ሌሊቱን በጀርባው ተኝቶ የቆየ ሰው ማለዳ ውሃ ዳር በደረቱ ተደፍቶ ቢገኝ ጀርባው ላይ ያለው ምልክት ሰው እንዳነሣው ይናገራል።

3. ውሃ፦ የሰጠመ ሰው መጀመሪያ ይወርዳል፤ በሞቃት ውሃ ከጥቂት ቀን በኋላ በሆድ ጋዝ ይነሣል። ሰኞ ማታ ተጥሎ ማክሰኞ ማለዳ ተንሳፍፎ ከተገኘ ምክንያቱን ማስረዳት አለባችሁ። ውሃ ውስጥ አካል ከአየር ይልቅ በእጥፍ ፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የመዳፍና የእግር ቆዳ ይጨማደዳል። በአፍና አፍንጫ የሚወጣ ደቃቅ አረፋ በሕይወት እያለ እንደሰጠመ ይጠቁማል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

4. ቀብር፦ ደሴት ላይ ፖሊስ እስኪደርስ ሬሳ አይጠበቅም፤ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይቀበራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔያችሁ ይህ ነው፦ መርማሪው ሬሳውን ያየዋል ወይስ መቃብር ያገኛል? መቃብር ካገኘ ገናዦቹ የመጽሐፉ ቁልፍ ምስክሮች ናቸው፤ ገላውን ያጠቡት እነሱ ናቸው።

5. የአስከሬን ምርመራ ለብዙ ዘመን አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ሲላክ የኖረ ነው። ታሪካችሁ በዚያ ዘመን ከሆነ የመጓጓዣውን ቀን ቁጠሩ፤ ውጤቱን በማግስቱ ስልክ ላይ አታምጡ።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

የኢትዮጵያ ደራሲ ሌላ አገር እምብዛም የማይገኝ መሣሪያ አለው፤ እሱው ወጥመድም ነው። የስልክ መዝገብ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይታተማል። 20:14 ከምሽቱ 2:14 ነው፤ 02:14 ግን ከሌሊቱ 8:14 ነው። ቸኩሎ «ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት» ብሎ የሚያነብ ሳጅን ስድስት ሰዓት ይስታል፤ ንጹሕ ሰው ያስራል።

ቀኑም እንዲሁ። መዝገቡ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ምስክሩ ግን «ሰኞ ሌሊት» ይላል። የሰኞ ምሽት ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? መርማሪው «አጥቢያ» የምትለዋን ቃል ጠይቆ ካላጣራ ምስክርነቱ ይወድቃል። በጷጉሜን አካባቢ የምትጽፉ ከሆነ ጷጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተጠንቀቁ፤ ተከታዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

በደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ሰው የሚለው ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን። እያንዳንዱን ትዕይንት አስገቡ። ጨረቃንም ጨምሩ፦ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ከሳምንት በኋላ እኩለ ሌሊት ገደማ ትወጣለች። ምስክሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት «በጨረቃ አየሁት» ካለና ጨረቃዋ ገና ካልወጣች ዋሽቷል ማለት ነው፤ ወይም እናንተ ተሳስታችኋል።

ደረጃ 7፦ መርማሪውን አስገቡ

ከማዶ የመጣ ይሁን፤ ግን እናቱ የደሴቷ ልጅ ብትሆን ጥሩ ነው። ፍጹም እንግዳ ከሆነ አንድም በር አይከፈትለትም፤ ፍጹም የአገሩ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕዳ አለበት። ማዕረጉ ምክትል ኢንስፔክተር ይብቃው፤ ኮማንደር ታንኳ ላይ አይወጣም።

ቃል ሲቀበል ሕጉን ይከተል። ተጠርጣሪ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም፤ በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ፍርድ ቤት አይቀበለውም። በድብደባ የሚያልቅ መጽሐፍ ሕግ የሚያውቅ አንባቢ እጅ ላይ አይተርፍም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 19) ግን ለጉዞ የሚያስፈልገውን ጊዜ አይቆጥርም። ማዕበል ሁለት ቀን ጀልባ ቢያግድ ሰዓቱ ላይ የሚነሣው ክርክር ራሱ ትዕይንት ነው። ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በሰው ግድያ ዋስትና ሊከለከል ስለሚችል የታሰረው ሰው ቀጠሮ እየተጨመረበት ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 8፦ 32 ምዕራፍ፣ 40 ቀን

መጽሐፉን ከሞት እስከ ተዝካር ዘርጉት። በአርባው ቀን ደሴቱ ሁሉ አንድ ዳስ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሌላ ሰበብ ፈልጎ ተጠርጣሪዎችን መሰብሰብ አያስፈልግም። አንድ ምዕራፍ 1,500 ቃል ገደማ ይሁን።

ከሞት እስከ ሣልስት፦ 10 ምዕራፍ። ከ4ኛው እስከ 12ኛው ቀን፦ 9። ከ13ኛው እስከ 39ኛው፦ 8። አርባው ቀን፦ 5።

የመጀመሪያው ሰው በ5ኛው ቀን ይታሰር። በ7ኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ 14 ቀን ሲጨመር 21፣ ሌላ 14 ሲጨመር 35። ማስረጃ ጠፍቶ በ35ኛው ቀን ቢለቀቅ ተዝካሩ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ወደ ደሴቱ ይመለሳል። ያለ ጥፋቱ ታስሮ ሲሰቃይ ዝም ያሉት ሰዎች ጠላ እየጠመቁ ነው።

ሲበላሽ፦ ከ13 እስከ 39 ያለው ከሰለቸ ትዕይንት አትጨምሩ፤ ሁለተኛ ሰው አትግደሉ። ከዕዳ መዝገቡ አንዱን ዕዳ አስከፍሉ።

ደረጃ 9፦ ፍንጮችን ቅበሩ

ሰባት እውነተኛ፣ ሦስት አሳሳች ፍንጭ ይበቃል። እያንዳንዱን ሰው ሌላ ነገር እያየ ሳለ አስገቡት። ለምሳሌ የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል። በሦስተኛው ምዕራፍ ልጆች ታንኳ ላይ ሲጫወቱ ሱሪያቸው ርሶ እናታቸው ትቆጣ፤ ባለቤቱ «ከትናንት ጀምሮ አልነካሁትም» ማለቱን በዘጠነኛው አምጡት። አንባቢ ሃያኛው ላይ ያገናኘዋል።

ደረጃ 10፦ ረቂቁ ላይ ግሡን ጠብቁ

አማርኛ ገዳዩን ያጋልጣል። «ገደለው» ካላችሁ ወንድ፣ «ገደለችው» ካላችሁ ሴት። ትዕይንቱን ከውጭ ሆናችሁ በሦስተኛ መደብ ከጻፋችሁ ከ14ቱ ግማሾቹ ከተጠርጣሪነት ይወጣሉ። መፍትሔዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የገዳዩን ትዕይንት በአንደኛ መደብ ጻፉ። «በሩን ገፋሁት፣ እጄ ራሰ» ጾታ አይለይም።
2. ገዳዩን ማንም በቀጥታ አያናግረው። «ና» እና «ነይ» ሁሉን ያወጡታል። ንግግር ካስፈለገ «ይግቡ» በሚለው የአክብሮት ቃል ሸፍኑት፤ ግን ያኔ ትልቅ ሰው መሆኑን ትነግሩናላችሁ።
3. ለሌላው ሰው አፍ «ተገደለ»፣ «ገደሉት» ስጡ። ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው።
4. ተራኪው «ሰውየው» ብሎ በኋላ ሴት ማውጣት ማታለል ነው፤ አታድርጉት።

የአክብሮት ቃልም ፍንጭ ይሁን። መርማሪው ሽማግሌውን ሃያ ገጽ ሙሉ «እርስዎ» ሲል ቆይቶ አንዴ «አንተ» ቢል ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ አስረጂ አረፍተ ነገር አትጨምሩበት። ሟቹን ሁልጊዜ «እሳቸው» ስትል የኖረች ሴት ቀብር ማግሥት «እሱ» ካለች አንባቢ ይሰማዋል።

ስም ስትሰጡ የ14ቱን የመጀመሪያ ፊደል ዘርዝሩ። በ«አ» የሚጀምር ስም ስለሚበዛ ሳታስቡት አበበ፣ አለሙ፣ አስፋው ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ፤ ከሁለት በላይ አይፈቀድም። አንዱን በማዕረጉ፣ አንዷን «እትዬ» ብቻ እያላችሁ ጥሯቸው።

በቀን 800 ቃል ጻፉ፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታርሙ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ረቂቅ እንዳይኖር ማታ ማታ ፍላሽ ላይ ቅዱ።

ደረጃ 11፦ በቡና ፈትኑት

አምስት ሰው ጥሩ፤ አንዱ የወንጀል ልብ ወለድ የማይወድ ይሁን። ሌላው ከባሕር ዳር ወይም ከባቱ (ከዝዋይ ከተማ) የመጣ ይሁን፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ ተማሪ ስላለ ማግኘት አይከብድም። ውሃውንና ታንኳውን የሚያርምላችሁ እሱ ነው።

በአቦል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ በቶና የታንኳውን፣ በበረካ የመጀመሪያው ሰው የሚታሰርበትን። ከዚያ ረቂቁን ዝጉና እያንዳንዱ የሚጠረጥረውን ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እንዲያጥፍ አድርጉ፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ሌሎቹን ይመራቸዋል።

አምስቱም አንድ ስም ከጻፉ ከፍንጮቹ ሁለቱን አውጡ። አምስት የተለያየ ስም ከጻፉ ደግሞ ዕዳው አልታየም፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና የገዳዩን ገጽ እንደገና ሙሉ። ሦስቱ በገዳዩ ላይ፣ ሁለቱ በሌላ ሰው ላይ ከሆኑ ወረቀቶቹን ከረቂቁ ጋር አስቀምጡና ቀጣዩን ምዕራፍ ጀምሩ።